ዋናው ሥዕል የት አለ? — ሊቶግራፊና ሌሎቹ የኅትመት ሥዕል ዘዴዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የኅትመት ሥዕል ትርኢት ላይ አንድ አረጋዊ መምህር ከጎኔ ቆመው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩ። በወረቀቱ ግርጌ በእርሳስ «7/30» ተብሎ ተጽፏል። ከሠላሳ ቅጂዎች ሰባተኛው ማለት መሆኑን ነገርኳቸው። እሳቸውም «እንግዲያው ይህ ግልባጭ ነዋ! ዋናው ሥዕል የት አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ ያለኝ መስሎኝ አፌን ከፈትሁ፤ ነገር ግን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ ምላሽ ነው።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። የኅትመት ሥዕል በብዛት ስለሚወጣ ብቻ ከቅብ ሥዕል ያነሰ፣ የሁለተኛ ደረጃ ጥበብ ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ዘንድ ሰፍኗል። ከዚህም የተነሣ የእንጨት ቅርጽ፣ ኤቺንግና ሊቶግራፊ «ኅትመት» በሚል አንድ ስም ተጠቃለው ይታለፋሉ። ይሁን እንጂ ልዩነታቸውን ያላወቀ ተመልካች ሠዓሊው ለምን አንዱን ትቶ ሌላውን እንደ መረጠ ሊገባው አይችልም። ስለዚህ በቅድሚያ ዘዴዎቹን ለያይተን እንመልከት፤ ቀጥለንም ከሁሉም ዘግይታ የተወለደችውን የሊቶግራፊን ታሪክ እንከተል። ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ቀለሙ የት ይያዝ?

ማንኛውም የኅትመት ዘዴ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቀለሙ በሰሌዳው ላይ የት ይያዝ፣ የትስ አይያዝ? መልሱ ሲለያይ ዘዴውም ይለያያል።

የመጀመሪያው የከፍታ ኅትመት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የምናየው ማኅተም የዚህ ቤተሰብ አባል ነው። ጠራቢው በእንጨቱ ላይ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልገውን ቦታ ሁሉ በመሮ እየፈለፈለ ያወጣል፤ ሳይነካ ከፍ ብሎ የቀረው ገጽ ቀለሙን ተቀብሎ ለወረቀቱ ያስረክባል። የታተመበት ቀን ከተጻፈባቸው መጻሕፍት ሁሉ ቀደምት የሆነውና በ868 በቻይና የታተመው «የአልማዝ ሱትራ» በዚህ ዘዴ የተሠራ ነው። ጀርመናዊው አልብሬክት ዱረር በ1498 የዮሐንስን ራእይ ለአውሮፓ ያሳየው በእንጨት ቅርጽ ነበር። በአገራችንም፣ ጀርመን ተወልዶ ብራዚልን አገሩ ያደረገው ሐንሰን ባሂያ ከ1963 እስከ 1966 በአዲስ አበባ ሲያስተምር ለተማሪዎቹ ያካፈለው ይህንኑ ጥበብ ነው። በእንጨት ቅርጽ ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩም ነጭ ነው። መሮው ማመንታትን አያውቅም፤ የተፈለፈለ እንጨት አይመለስምና።

ሁለተኛው የጉድጓድ ኅትመት ነው። ይህ ደግሞ ንቅሳትን ያስታውሰናል፤ ቀለም የሚገባው ቆዳው በተወጋበት ብቻ ነውና። ቀራጩ ቡሪን በሚባል ሹል ብረት የመዳብን ሰሌዳ ያርሳል። ወይም እንደ ኤቺንግ ከሆነ፣ ሰሌዳው አሲድ በማይደፍረው ቅብ ይሸፈንና ሠዓሊው ቅቡን በመርፌ እየጫረ ይሥላል፤ አሲዱም የተጫረውን መስመር ብቻ ይበላል። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው በሙሉ ቀለም ይቀባል፣ ገጹ ተጠርጎ ይጸዳል፤ በመስመሮቹ ውስጥ የቀረውን ቀለም እርጥብ ወረቀት በከባድ ማተሚያ ተጭኖ ይመጠዋል። ሬምብራንት ብርሃንና ጨለማን ያዋሐደው፣ ጎያም በ1799 ሰማንያውን የ«ካፕሪቾስ» ሥዕሎች ያወጣው በዚህ መንገድ ነው። ሥራውን ለመለየት ወረቀቱን በጣት መዳሰስ ይበቃል፤ መስመሮቹ ከፍ ከፍ ብለው ይሰማሉ፣ በሥዕሉ ዙሪያም የሰሌዳው ጠርዝ የተወው ስርጉድ ምልክት ይታያል።

ሦስተኛው የወንፊት ኅትመት ነው። የትምህርት ቤት ፈተናዎች በስቴንስል ማባዣ ይባዙ በነበረበት ጊዜ የተማርን ሁሉ መሠረተ ሐሳቡን እናውቀዋለን። በሰም በተነከረው ስስ ወረቀት ላይ የጽሕፈት መኪናው ፊደል የከፈተው ቦታ ቀለም ያሳልፋል፤ የቀረው ይከለክላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋው የሐር ወንፊት ኅትመትም የዚሁ ዘር ነው።

እንግዲህ በእነዚህ ሦስት ዘዴዎች ቀለምን ከቀለም አልባው ቦታ የሚለየው ከፍታ፣ ጉድጓድ ወይም ቀዳዳ ነው። በሊቶግራፊ ግን ከእነዚህ አንዱም የለም። ድንጋዩ ዝርግ ነው፤ ጥቁሩም ነጩም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ታዲያ የሚለያቸው ምንድን ነው? መልሱን ያገኘው ማሳተሚያ ያጣ አንድ ፀሐፌ ተውኔት ነው።

የልብስ አጣቢዋ ዝርዝር

አሎይስ ዜነፌልደር በ1771 በፕራግ ተወለደ። አባቱ ተዋናይ ስለ ነበረ ልጁ ያደገው በሙኒክ የቴአትር ዓለም ውስጥ ነው። በኢንጎልሽታት ዩኒቨርሲቲ ሕግ ማጥናት ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ መድረክና ወደ ድርሰት ተመለሰ። አንደኛው ተውኔቱ ታትሞ ጥቂት ገንዘብ አስገኘለት፤ ከዚያ በኋላ ግን የማተሚያ ቤት ወጪ የደራሲውን ድካም ሁሉ የሚበላ ሆነበት። ስለዚህ ሥራዎቹን ራሱ ለማተም ቆረጠ። ፊደል ለማስቀረጽም ሆነ ማተሚያ መኪና ለመግዛት አቅም አልነበረውም። በመዳብ ሰሌዳ ላይ ግልብጥ ጽሕፈት መለማመድ ጀመረ፤ መዳቡም ውድ ሆነ። በመጨረሻ ቀለም ይፈጭበት በነበረው ለስላሳ የባቫሪያ የኖራ ድንጋይ ላይ መለማመዱን ቀጠለ።

በ1796 የሆነውን እሱ ራሱ በኋላ ጽፎታል። እናቱ ለልብስ አጣቢ የሚሰጠውን ልብስ ዝርዝር እንዲጽፍላቸው ጠየቁት። በእጁ ወረቀት አልነበረም። ከሰም፣ ከሳሙናና ከጥላሸት ባዘጋጀው ቀለም ዝርዝሩን በድንጋዩ ላይ ጻፈው። ሊያጠፋው ሲል አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ድንጋዩ ላይ አሲድ ቢፈስበትስ? አሲዱ በዙሪያው ያለውን ድንጋይ በላ፣ በሰም የተሸፈነው ጽሕፈት ግን ትንሽ ከፍ ብሎ ቀረ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሊቶግራፊ ልደት ተደርጎ ይነገራል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በዚያን ዕለት የተገኘው፣ በእንጨት ፈንታ በድንጋይ የሚሠራ የከፍታ ኅትመት ነው። ዜነፌልደር ከሙዚቀኛው ፍራንትስ ግላይስነር ጋር ተባብሮ የሙዚቃ ኖታ ያሳተመውም መጀመሪያ በዚሁ ዘዴ ነው። ገንዘብ በማጣቱ በ200 ጉልደን ክፍያ በሌላ ሰው ምትክ ወታደር ሊሆን ተመዝግቦ እንደ ነበር ይናገራል፤ ፕራግ የተወለደ የውጭ አገር ሰው ነህ ተብሎ ተመለሰ። እውነተኛው ግኝት የመጣው ሁለት ዓመት ያህል ከደከመ በኋላ፣ በ1798 ገደማ ነው። የሙጫ ውኃ የጠጣ ወረቀት የቅባት ቀለም ሲነካው፣ ቀለሙ በጽሕፈቱ ላይ ብቻ ተጣብቆ ባዶውን ቦታ እንደሚሸሽ አስተዋለ። ይህንኑ ወደ ድንጋይ ቢያዛውረው ያለ መቅረጽ፣ ያለ መፈልፈል ማተም እንደሚቻል ተረዳ። ስለዚህም ግኝቱን «ኬሚካላዊ ኅትመት» ብሎ ሰየመው። ይህ ስም ከሊቶግራፊ ይልቅ ምሥጢሩን ይገልጻል። የባቫሪያ መንግሥት በ1799 የብቸኛነት መብት ሰጠው፤ በ1801 በእንግሊዝ አገር ፓተንት አገኘ፤ በ1818ም ሙሉ ዕውቀቱን በመጽሐፍ ገልጾ ለዓለም አደረሰ። በ1834 በሙኒክ አረፈ።

ሰሙ ሲታጠብ

የሊቶግራፊ ሥራ የተመሠረተው ማንም የቤት እመቤት በምታውቀው ሐቅ ላይ ነው፤ ቅቤ በነካው እጅ ላይ ውኃ አይረጋም። ቅባትና ውኃ አይስማሙም።

ምርጡ ድንጋይ የሚወጣው ከባቫሪያዋ ዞልንሆፈን ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በጸጥተኛ የባሕር ወለል ላይ የተጋገረ፣ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ያለው የኖራ ድንጋይ ነው። በዚሁ አካባቢ በ1861 የታወቀው የጥንታዊ ወፍ ቅሪት አካል «አርኪዮፕተሪክስ ሊቶግራፊካ» ተብሎ መሰየሙ ድንጋዩ በዘመኑ ምን ያህል ዝነኛ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ድንጋዩ በአሸዋና በውኃ እየታሸ ይስተካከላል። ሠዓሊው በቅባታም ክሬዮን ወይም በብሩሽ፣ በወረቀት ላይ እንደሚሥል ሁሉ በነፃነት ይሥልበታል፤ ሆኖም ሥዕሉ ሲታተም ቀኙ ግራ እንደሚሆን ማስታወስ አለበት። ቀጥሎ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ የተጨመረበት የግራር ሙጫ በድንጋዩ ላይ ይቀባል። ይህ ሙጫ በአፍሪካ ደረቅ ቆላዎች፣ በአገራችንም ቆላ ከሚበቅል ግራር የሚገኘው ነው። የአሲዱ ተግባር እንደ ኤቺንግ ድንጋዩን ለመቦርቦር አይደለም፤ ያልተሣለው ቦታ ሙጫውን አጥብቆ ይዞ ውኃ ወዳጅ እንዲሆን፣ የተሣለውም ቅባት ወዳጅ ሆኖ እንዲጸና ለማድረግ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚደረገው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየውን ሰው ያስደነግጣል። አታሚው በተርፐንታይን ሥዕሉን ያጥበዋል። ጥቁሩ ሁሉ ይጠፋል፤ በድንጋዩ ላይ ከደብዛዛ ጥላ በቀር የሚታይ ነገር አይኖርም። የቅኔ ቤት ልጅ ቢያየው ሰሙ ሄደ፣ ወርቁ ቀረ ሊል ይችላል፤ የክሬዮኑ ሰም በእውነት ታጥቦ ሲሄድ፣ ቅባቱ የጻፈው ትእዛዝ በድንጋዩ ገጽ ውስጥ ይቀራልና። ድንጋዩ በስፖንጅ ሲረጥብ ባዶው ቦታ ውኃ ይይዛል። በቅባት ቀለም የተነከረ ሮለር ሲያልፍበት ውኃው ቀለሙን ይከለክላል፣ ሥዕሉ ግን ይቀበላል፤ የጠፋውም ሥዕል ከነሙሉ ጥቁረቱ ተመልሶ ይመጣል። ወረቀት ተነጥፎበት በማተሚያው ሥር ያልፋል። ለእያንዳንዱ ቅጂ ማርጠብና መቀባት ይደገማል።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት ከፍተኛ ነው። የእንጨት ቅርጽና የመዳብ ቅርጽ ሠዓሊው በዓመታት ልምምድ የሚማረውን የመሣሪያ ቋንቋ ይጠይቃሉ። ሊቶግራፊ ግን መሣልን ብቻ ይጠይቃል፤ የእጅን መንቀጥቀጥ፣ የክሬዮንን ለስላሳ ግራጫ፣ የብሩሽን ፍጥነት እንዳለ ይቀበላል። ስፔናዊው ጎያ በ1825፣ በ79 ዓመቱ፣ በስደት በቦርዶ ከተማ ሳለ «የቦርዶ ኮርማዎች» የተባሉትን አራት ሊቶግራፎች መሥራት የቻለው ከዚህ የተነሣ ነው። በእያንዳንዱ ሥዕል አንድ መቶ ቅጂ ታተመ። የደከመ ዓይንና ያረጀ እጅ በመዳብ ላይ ይህን ያህል ነፃነት ባላገኙም ነበር።

ድንጋዩ የተያዘበት ቀን

ፈጣንና ርካሽ የሆነ ነገር በጎዳናው ጉዳይ መግባቱ አይቀርም። በ1808 የተወለደው ኦኖሬ ዶሚዬ በሕይወቱ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሊቶግራፎች ሠርቷል። ይህ ቁጥር በመዳብ ወይም በእንጨት የማይታሰብ ነው። ትውልዱ በማርሴይ ቢሆንም ሥራው የፓሪስ ነበር፤ ጠዋት የተሰማው ወሬ ሳይቀዘቅዝ በድንጋዩ ላይ ይሣላል። በ1831 ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን የሕዝቡን ገንዘብ በቅርጫት የሚውጥ ግዙፍ ሆዳም አድርጎ ስለ ሣለ የስድስት ወር እሥራት ተፈረደበት።

በሚያዝያ ወር 1834 በፓሪስ በተነሣው ሁከት ወታደሮች በትራንስኖኔን ጎዳና ወደሚገኝ አንድ መኖሪያ ቤት ገብተው ነዋሪዎቹን ገደሉ። ዶሚዬ የሣለው ጦርነቱን አይደለም፤ ወታደርም ባንዲራም የለበትም። በተዘበራረቀ መኝታ ክፍል ውስጥ የሌሊት ልብስ የለበሰ ሰው በአልጋው ሥር ተዘርሯል፤ ከሥሩ የሕፃን ራስ ይታያል። ጩኸቱ ካለፈ በኋላ ያለው ጸጥታ ነው የተሣለው። የዚህ ሥዕል ኀይል ከዘዴው ይመነጫል። የክሬዮኑ ግራጫ ከጥግ ወደ መኻል ቀስ እያለ እንደ ንጋት ብርሃን ያርፋል፤ በመሮ ቢሠራ ይጮኽ ነበር፣ በመርፌ ቢሠራ ይተረትር ነበር። ድንጋዩና ሊያዙ የቻሉት ቅጂዎች በባለ ሥልጣኖች ተወረሱ። የተበተኑት ቅጂዎች ግን አልተሰበሰቡም። ዛሬ ሥዕሉን የምናውቀው በእነሱ ነው።

በመስከረም 1835 የወጣው ሕግ ሥዕሎች ከመታተማቸው በፊት ፈቃድ እንዲያገኙ አስገደደ። ይኸው ሕግ ተውኔቶችንም አብሮ አስሯል፤ ለጽሑፍ ግን ቅድመ ፈቃድ አልጠየቀም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መጽሐፍ ለሚያነብ ብቻውን ይናገራል፤ ሥዕልና መድረክ ግን ማንበብ ለማይችለውም፣ ተሰብስቦ ለቆመውም ይናገራሉ። ለተውኔት ጸሐፊ ይህ ትንሽ ማስረጃ አይደለም። ሕግ አውጪዎቹ የሁለቱን ጥበባት ዝምድና ከብዙ ተቺዎች አስቀድመው አይተውታል።

አንዲት ሠዓሊ፣ ሦስት ዘዴዎች

የዘዴዎቹን ልዩነት በአንድ ሰው ሥራ ውስጥ ለማየት ከጀርመናዊቷ ከኬተ ኮልቪትስ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ1893 በበርሊን የጌርሃርት ሃውፕትማንን «ሸማኔዎቹ» የተባለ ተውኔት ተመለከተች። ተውኔቱ በ1844 በሺሌዚያ የተነሡትን የሸማኔዎች ዐመፅ የሚተርክ ሲሆን፣ ፖሊስ በአደባባይ እንዳይታይ ከልክሎት ስለ ነበር የቀረበው ለማኅበር አባላት ብቻ ነው። ኮልቪትስ ከቴአትሩ ስትወጣ የጀመረችውን ሥራ ሁሉ ትታ ስድስት ሥዕሎች ለመሥራት ተነሣች፤ እስከ 1897 ደከመችባቸው።

ከስድስቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፣ ማለትም ድህነት፣ ሞትና ምክክር፣ ሊቶግራፍ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ፣ የሸማኔዎቹ ጉዞ፣ በሩን ማጥቃትና ፍጻሜው፣ ኤቺንግ ናቸው። በኤቺንግ ገና ስላልበረታች ሦስቱን በድንጋይ እንደ ሠራች ራሷ በቅንነት ጽፋለች። ውጤቱ ግን ከችግሩ በላይ ሆነ። በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚጠወልገው ሕፃንና በመብራት ዙሪያ የሚንሾካሾኩት ሰዎች የክሬዮኑን ጭጋግ ይፈልጉ ነበር፤ ወደ ጎዳና የወጣው ሕዝብ ደግሞ የመርፌውን ስለት ፈለገ። ሥራው በ1898 በበርሊን ታላቅ ትርኢት ሲቀርብ ዳኞች የወርቅ ሜዳሊያ ይሰጣት አሉ፤ ንጉሠ ነገሥት ዊልሄልም ዳግማዊ ከለከለ።

በጥር 1919 ካርል ሊብክነኽት ሲገደል ቤተሰቡ አስከሬኑን እንድትሥል ጠራት። የሐዘንተኞቹን ሥዕል መጀመሪያ በኤቺንግ ሞከረች፤ አላረካትም። በሊቶግራፊ ሞከረች፤ አሁንም አላረካትም። በመጨረሻ በ1920 የኤርንስት ባርላኽን የእንጨት ቅርጾች ካየች በኋላ መሮ አነሣች። የሐዘኑ ሥዕል ዛሬ የሚታወቀው በእንጨት ነው። በ1924 ደግሞ ለወጣቶች ስብሰባ «ጦርነት ዳግመኛ አይኑር» የሚለውን ፖስተር ስትሠራ ወደ ሊቶግራፊ ተመለሰች፤ ለአንድ ጎዳና አፋጣኝ ጥሪ የክሬዮን ፈጣን እጅ ያስፈልግ ነበርና። ልጇ ፔተር በ1914 በጦር ሜዳ ሞቶባት ስለ ነበር፣ ወደ ላይ የተዘረጋው ያ ክንድ ጌጥ አይደለም።

ከዚህ የምንማረው ዘዴ ልብስ አለመሆኑን ነው። ደራሲ አንድን ነገር በግጥም ወይም በተውኔት ለመጻፍ ሲወስን ሐሳቡም አብሮ እንደሚለወጥ ሁሉ፣ ሠዓሊም እንጨት፣ መዳብ ወይም ድንጋይ ሲመርጥ የሚናገረው ነገር ይለወጣል።

ወደ እኛ የደረሰው

ሊቶግራፊ ኢትዮጵያን ለውጭ ሰው ካሳዩት መንገዶች አንዱ ነበር። ከ1841 እስከ 1843 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ ጋር የነበረው ጀርመናዊ ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን ቤርናትስ የነደፋቸው የአገራችን መልክዓ ምድርና ሕዝብ ሥዕሎች በ1852 በሊቶግራፍ ታትመው ወጥተዋል። የመንገደኛ ዓይን የራሱ ጉድለት ቢኖረውም፣ ለታሪክ አጥኚ የማይናቁ ሰነዶች ናቸው።

ከዚህም የሚበልጠው ዝምድና ግን በየእጃችን ያለው ነው። በጊዜ ብዛት ከባዱ ድንጋይ በስስ የዚንክና የአሉሚኒየም ሰሌዳ ተተካ። በ1904 ገደማ አሜሪካዊው አይራ ሩበል ቀለሙ መጀመሪያ ወደ ላስቲክ፣ ከላስቲኩም ወደ ወረቀት ሲተላለፍ ኅትመቱ ይበልጥ ጥርት እንደሚል አስተዋለ። በማተሚያ ቤቶቻችን «ኦፍሴት» እያልን የምንጠራው ይህ ነው። የተማሪው መጽሐፍ፣ የቴአትሩ ማስታወቂያ፣ ጋዜጣው፣ ሁሉም ቅባትና ውኃ አይስማሙም ከሚለው የዜነፌልደር ግኝት ይወርዳሉ። ተውኔቱን ማሳተም ያቃተው ሰው ለደራሲዎች ሁሉ ማተሚያ ትቶ ሄደ፤ የእሱ ተውኔቶች ግን ዛሬ የሚያነባቸው የለም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ አረጋዊው መምህር ጥያቄ እንመለስ። ዋናው ሥዕል የት አለ? በኦፍሴት የታተመ የቅብ ሥዕል ፎቶግራፍ በእርግጥ ግልባጭ ነው፤ ዋናው ሸራ በሌላ ቦታ አለና። በሠዓሊው እጅ በድንጋይ ላይ የተሣለ ሊቶግራፍ ግን ከእሱ በፊት የነበረ ሌላ ሥዕል የለውም። ድንጋዩ ራሱ ግልብጥ ነው፣ ዝግጅት እንጂ ሥዕል አይደለም፤ ኅትመቱ ሲያበቃ በአሸዋ ታሽቶ ለሌላ ሥራ ይውላል። እንግዲህ ዋናው ሥዕል ከሠላሳው በአንዱ ሳይሆን በሠላሳውም ነው ያለው።

የዋናው ተውኔት ጉዳይም እንደዚሁ ነው። በደራሲው መሳቢያ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ነው? በመጀመሪያው ምሽት የታየው ነው? ወይስ በአንድ የወረዳ አዳራሽ ውስጥ በተማሪዎች የቀረበው? መጋረጃ በተገለጠ ቁጥር ተውኔቱ ሙሉ ሆኖ አለ፤ ያነሰ ተመልካች የለም። ለመምህሩ ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝ ይህን ነው፦ «አባባ፣ ዋናው ይኸው ከፊትዎ ነው። ሠላሳ ሰዎች ዋናውን ማየት እንዲችሉ ተብሎ ነው የተሠራው።»